ለካንዲዳ ሕክምና የሚሆን ተጣባቂ የብልት ጄል፦ የትኛው ፖሊመር ይሻላል? በምንስ እንፈትነው?

ሴቶች ለብልት ካንዲዳ፣ ማለትም እርሾ መሰል ፈንገስ ለሚያመጣው የብልት ማሳከክ፣ መድኃኒት ቤት ሲመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት። በመስኮቱ በኩል ቆሜ በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ የሰማሁት ቅሬታ ግን ስለ ማሳከኩ አልነበረም። «ማታ እጠቀመዋለሁ፣ ጠዋት ፈስሶ ልብሴ ላይ አገኘዋለሁ» የሚል ነበር። ክሬሙ ውስጥ ያለው ክሎትሪማዞል ጥሩ መድኃኒት ነው። የጎደለው መሥራት ያለበት ቦታ ላይ መቆየቱ ነው።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። ከመቶ ሴቶች ወደ 75 የሚሆኑት በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ የብልት ካንዲዳ እንደሚይዛቸው ይገመታል፤ ከ40 እስከ 45 የሚሆኑትን ደግሞ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ይይዛቸዋል። ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት የሚመከረው በብልት የሚሰጥ አዞል (እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ፀረ ፈንገስ) ብቻ ነው፣ ያውም ለሰባት ቀን። ሰባት ሌሊት የሚፈስ መድኃኒት ያስመርራል፤ የተመረረች ሴት ደግሞ ማሳከኩ ሲቀንስላት በአራተኛው ቀን ታቆማለች።

ይህን የምጽፈው ለመመረቂያ ጥናት ወይም ለቅመማ ሥራ ተጣባቂ ጄል ለመሥራት ተነሥታችሁ፣ ከፊታችሁ የተደረደሩትን የፖሊመር (ጄሉን የሚያወፍረውና የሚያጣብቀው ንጥረ ነገር) ጠርሙሶች እያያችሁ ለምትወላውሉ ነው። አብዛኞቻችን የምንመርጠው ቢከር ውስጥ በምናየው ውፍረት ነው። እኔም እንደዚያ መርጬ ነበር። የመጀመሪያው ጄሌ 1.5 በመቶ ካርቦፖል የተባለ ፖሊመር ሆኖ፣ አሲዱን በሚያለዝበው በትሪኤታኖልአሚን ወደ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7 የተስተካከለ ነበር፤ ጠርሙሱን ስገለብጠው ንቅንቅ አይልም፣ እንደ መስታወትም የጠራ ነበር። ከጥቂት ሰው ሠራሽ የብልት ፈሳሽ ጋር ቀላቅዬ 37 ዲግሪ ላይ ሳስቀምጠው ግን ቀጥኖ በመስታወቱ ላይ ወረደ። የሦስት ወር ሥራዬ የተመሠረተው ጄሉ ፈጽሞ በማይኖርበት ሁኔታ ላይ በተለካ ቁጥር ነበር።

ጄሉ የሚኖርበት ቦታ

በመውለድ ዕድሜ ላይ ባለች ጤነኛ ሴት የብልት ፒኤች ከ3.8 እስከ 4.5 ነው። አሲዱን የሚሠሩት ላክቶባሲለስ ባክቴሪያዎች ናቸው። ካንዲዳ ሲይዝ ይህ ፒኤች ብዙ ጊዜ አይለወጥም፤ ከ4.5 በላይ የሚያወጣው በአብዛኛው የባክቴሪያ መዛባት ነው። ስለዚህ ለካንዲዳ የሚሠራ ጄል በአሲድ ውስጥ እንደሚኖር ታስቦ መሠራት አለበት። በአንድ ጊዜ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከ0.5 እስከ 0.75 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን በቀን የሚመነጨው ደግሞ ወደ 6 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ትንሽ ይመስላል እንጂ 3 ግራም ጄልን ለማቅጠንና ቀስ በቀስ አጥቦ ለማውጣት በቂ ነው።

በላብራቶሪ ይህን ለመምሰል በብዛት የምንጠቀመው ኦወንና ካትዝ በ1999 ያወጡትን ቅመም ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ሶዲየም ክሎራይድ 3.51 ግራም፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ 1.40፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ 0.222፣ የከብት አልቡሚን 0.018፣ ላክቲክ አሲድ 2.00፣ አሴቲክ አሲድ 1.00፣ ግሊሴሮል 0.16፣ ዩሪያ 0.4፣ ግሉኮስ 5.0 ግራም፤ ከዚያ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ ፒኤች 4.2 ማስተካከል። አልቡሚኑ ውድ ነው ብላችሁ ብትተዉት ለቪስኮሲቲ (የውፍረት መጠን) ምርመራ ብዙም አይጎዳችሁም። ካልሲየሙን ግን አትተዉ፤ ምክንያቱን ካርቦፖል ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ። ግሉኮስ ስላለበት ተሐዋስያን ቶሎ ይባዙበታልና ለሳምንት አታስቀምጡት፣ በየጊዜው አዲስ አዘጋጁ።

ካርቦፖልና ፖሊካርቦፊል

ሁለቱም በአክሪሊክ አሲድ ሰንሰለት የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያዩት ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ በሚያያይዘው ነገር ነው። የማጣበቅ ጉልበታቸው ከካርቦክሲል ቡድኖቻቸው ይመጣል። እነዚህ ቡድኖች አሲድ ውስጥ ሃይድሮጅናቸውን ይዘው ስለሚቆዩ ሙሲን ከተባለው የሙከሱ ፕሮቲን ጋር የሃይድሮጅን ትስስር ይፈጥራሉ። ስለዚህ ፒኤች 4 አካባቢ በደንብ ይጣበቃሉ።

ግን ያው አሲድ ውፍረታቸውን ይቀንሰዋል። ካርቦፖል የሚያብጠው ካርቦክሲሎቹ የኤሌክትሪክ ሙሌት (ቻርጅ) ይዘው እርስ በርስ ሲገፋፉ ነው፤ ፒኬኤው (ግማሾቹ ሙሌት የሚይዙበት ፒኤች) ወደ 6 ስለሚጠጋ ፒኤች 4.2 ላይ አብዛኞቹ ሙሌት የላቸውም። በዚያ ላይ የፈሳሹ ጨው፣ በተለይ ሁለት ሙሌት ያለው ካልሲየም፣ የቀረውን መገፋፋት ያዳክመዋል። የእኔ ጄል የፈሰሰው በዚህ ነው። መፍትሔው መጠኑን መጨመር ብቻ አይደለም። ጄሉን ከመጀመሪያው ፒኤች 4.5 አካባቢ ላይ አዘጋጅቶ ውፍረቱን እዚያው መለካት፣ የጎደለውን ደግሞ በሌላ ሙሌት በሌለው ፖሊመር መደገፍ ነው።

ስትገዙ የደረጃ ቁጥሩን ተመልከቱ። 934 የሚባለው የድሮ ደረጃ ቤንዚን (ነዳጁ ሳይሆን benzene የተባለው መርዛማ ኬሚካል) በተባለ መሟሚያ የሚመረት ነው፤ ለብልት የሚሆነው በኤቲል አሴቴት የሚመረተው 974ፒ ወይም 971ፒ ነው። ስሙ አንድ ነው ብላችሁ ያገኛችሁትን አትውሰዱ። ፖሊካርቦፊል በገበያ ላይ የቆየ ታሪክ አለው፤ ክራይኖን የሚባለው የፕሮጄስትሮን የብልት ጄል መሠረቱ እሱ ነው። ለመቆየት ታስቦ የተሠራ ጄል በሴቶች ዘንድ ተቀባይነት እንደሚያገኝ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ኤችፒኤምሲና ኤችኢሲ

እነዚህ ሁለት የሴሉሎስ ፖሊመሮች (ሃይድሮክሲፕሮፒል ሜቲልሴሉሎስና ሃይድሮክሲኤቲል ሴሉሎስ) ሙሌት የላቸውም፣ ፒኤችም ሆነ ጨው ብዙም አያስጨንቃቸውም። ኤችፒኤምሲ ከፒኤች 3 እስከ 11 ባለው ውስጥ ይረጋጋል። ኬ4ኤም፣ ኬ15ኤም፣ ኬ100ኤም የሚሉት ስሞች የ2 በመቶ ውሁዳቸውን ቪስኮሲቲ የሚናገሩ ናቸው፦ በግምት 4,000፣ 15,000 እና 100,000 ሚሊፓስካል ሰከንድ። ዱቄቱን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ብትበትኑት ይጓጉላል፤ መጀመሪያ 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሞቀ ውሃ በትናችሁ ከዚያ እያማሰላችሁ አቀዝቅዙት። ድክመታቸው የማጣበቅ ኃይላቸው መጠነኛ መሆኑ ነው።

ኤችኢሲ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በኤችአይቪ መከላከያ ጄሎች ጥናት ለማነጻጸሪያ ያገለገለው መድኃኒት አልባ ጄል በ2.7 በመቶ ኤችኢሲ በፒኤች 4.4 የተሠራ ነበር። የብልትን ሽፋን የማያስቆጣ ማነጻጸሪያ ስትፈልጉ ከዚያ ጀምሩ።

ካይቶሳን

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አዎንታዊ ሙሌት ያለው እሱ ብቻ ነው። የሙሲን ሲያሊክ አሲድና ሰልፌት አሉታዊ ስለሆኑ ይሳሳባሉ። ካርቦፖልን የሚያቀጥነው አሲድ እሱን ያበረታዋል፤ ከፒኤች 6.5 በታች ነው የሚሟሟው። ከዚህም በላይ በራሱ ካንዲዳን የመግታት አቅም አለው። በወረቀት ላይ ለዚህ ሥራ ከሁሉም የተሻለ የሚመስለኝ እሱ ነው፣ በ1 በመቶ ላክቲክ አሲድ ውስጥ 2 በመቶ ካይቶሳን ሲዘጋጅ።

በተግባር የሚያስቸግረው ጠርሙሱ ነው። የሞለኪውል ክብደቱና አሴቲል የተወገደበት መጠን ከአቅራቢ አቅራቢ፣ አንዳንዴም ከአንድ አቅራቢ ዕቃ ዕቃ ይለያያል። በመጋቢት የሠራችሁት ጄል በመስከረም ላይደገም ይችላል። የሁለቱን ቁጥሮች የምስክር ወረቀት ሳይሰጣችሁ የሚመጣ ካይቶሳን ላይ ጥናት አትገንቡ። ከካርቦፖል፣ ከሶዲየም ሲኤምሲ (ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ) ወይም ከአልጂኔት ጋር ስታዋህዱትም ተጠንቀቁ፤ ተቃራኒ ሙሌቶቹ ተያይዘው ሊረጉና ወደ ታች ሊዘቅጡ ይችላሉ።

ፖሎክሳመር 407

ቀዝቃዛ ላይ ፈሳሽ፣ ሰውነት ላይ ሲደርስ ጄል መሆኑ ተማሪን ሁሉ ይማርካል። ከ18 እስከ 20 በመቶ ሲሆን የመርጊያ ሙቀቱ እንደ ቅመሙ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይወድቃል። ዱቄቱ 4 ዲግሪ ላይ ባለ ውሃ ሌሊቱን አድሮ ይሟሟል። እንደ ክሎትሪማዞል ያለ በውሃ የማይሟሟ መድኃኒትን በሚሴሎቹ (ሞለኪውሎቹ ተሰባስበው በሚሠሯቸው ጥቃቅን እንክብሎች) ውስጥ በከፊል ይይዛል።

ብቻውን ግን ደካማ ነው። አይጣበቅም ለማለት ይቻላል፣ በፈሳሽም ቶሎ ይታጠባል፣ ሲቀጥን የመርጊያ ሙቀቱ ከፍ ይላል። ቢከር ውስጥ 32 ዲግሪ ላይ የረጋው ቅመም በ0.75 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ከቀጠነ በኋላ 37 ላይ ጭራሽ ላይረጋ ይችላል። የመርጊያ ሙቀቱን ከመቅጠኑ በፊትም በኋላም ያልለካ ጥናት ግማሽ ጥናት ነው እላለሁ።

ለእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አዲስ አበባ ባለው ላብራቶሪ በ20 ዲግሪ ፈሳሽ የሆነው ቅመም ጋምቤላ ወይም ሰመራ ሲደርስ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። አይበላሽም፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ነገር ግን «በቀላሉ ይፈሳል» ብላችሁ የመረጣችሁት ማስገቢያ አይገፋውም። ደጋ ላይ በተቃራኒው ፈሳሽ ሆኖ ሲቆይ ያልሟሟው የመድኃኒት ቅንጣት ሥሩ ይዘቅጣል። ፖሎክሳመርን ከመረጣችሁ የምታሰራጩበትን አገር ሙቀት አብራችሁ ምረጡ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ፦ ሶዲየም ሲኤምሲ ርካሽና ለመሥራት የማያስቸግር ነው፣ በአሲድ ግን ቪስኮሲቲው ይወርዳል፤ አልጂኔት ወደ ፒኤች 3.5 ሲቀርብ ወደ አልጂኒክ አሲድ ስለሚለወጥ ለዚህ ቦታ አልመርጠውም። ታዮል (የሰልፈርና የሃይድሮጅን ቡድን) የተጨመረባቸው ፖሊመሮች ከሙሲን ሲስቲን ጋር ጠንካራ ትስስር ይፈጥራሉ፣ በመደርደሪያ ላይ ግን ኦክሲዳይዝ ይሆናሉ። የተልባ ወይም የበለስ ልሐጭ እንጠቀም የሚሉ ተማሪዎች አሉ። ሐሳቡ ደስ ይለኛል፣ የአገራችን ሀብት ነው። ሆኖም ልሐጭ ሁሉ አይጣበቅም፤ ተልባ በውሃ ሲዘፈዘፍ እጅ ላይ እንዴት እንደሚያንሸራትት እናታችሁ ቤት አይታችኋል። ለብልት የሚሆን ጄል በአንድ ግራም ከ100 የማይበልጥ የተሐዋስያን ቁጥርና ከ10 የማይበልጥ እርሾና ሻጋታ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ካንዲዳ አልቢካንስ ደግሞ ጭራሽ መኖር የለበትም። ጥሬ ልሐጭ ይህን ማለፍ ያቅተዋል። ከሱ የምትጀምሩ ከሆነ መጀመሪያ ማጥራቱን የጥናታችሁ ምዕራፍ አድርጉት።

መድኃኒቱ ምርጫውን ይለውጠዋል

ክሎትሪማዞል ደካማ ቤዝ ነው፣ በውሃ እጅግ ጥቂት ይሟሟል፣ በአሲድ ውስጥ ደግሞ በጊዜ ይሰባበራል። ብልት ውስጥ ለአንድ ሌሊት ይህ አያሳስብም። ፒኤች 4.2 ባለው ቱቦ ውስጥ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ግን ያሳስባል። የሚሰባበረው በዋናነት የሟሟው ክፍል ስለሆነ፣ መድኃኒቱን በደቃቁ ፈጭቶ እንደ ቅንጣት ማንሳፈፍ ሙሉ በሙሉ ከማሟሟት የተሻለ ዕድሜ ሊሰጥ ይችላል። ማይኮናዞል ናይትሬትም በመሟሟት በኩል ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ሁለቱም በአሲድ አዎንታዊ ሙሌት ስለሚያገኙ ካርቦፖል ውስጥ ተይዘው መለቀቃቸው ሊዘገይ ይችላል።

ፍሉኮናዞል የተለየ ነው። በውሃ በሚሊ ሊትር ጥቂት ሚሊ ግራም ስለሚሟሟ ማንኛውም ጄል ውስጥ ያለ ጣጣ ይገባል፣ ቶሎም ይወጣል። እዚህ ላይ ፈተናው ማሟሟት ሳይሆን መያዝ ነው። ኒስታቲን በሙቀት፣ በብርሃንና በእርጥበት ስለሚጎዳ ውሃ የበዛበት ጄል አይመቸውም።

የማይሟሟ መድኃኒት ሲያጋጥም እጃችን ወደ ፕሮፒሊን ግላይኮል ይዘረጋል። እዚህ ላይ እባካችሁ ቆም በሉ። የብልት ፈሳሽ ኦስሞላሊቲ (የሟሙ ቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ከ260 እስከ 290 ሚሊኦስሞል በኪሎ ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ግብረ ሥጋ ማለስለሻዎች በ2012 ባወጣው ምክር ከ380 ባይበልጥ ይመረጣል፣ ከ1,200 በላይ ግን መሆን የለበትም ይላል፤ ለዚህም ፕሮፒሊን ግላይኮል ከ8.3 በመቶ፣ ግሊሴሮል ከ9.9 በመቶ እንዳይበልጥ ያሳስባል። 20 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል ብቻውን ከ2,500 በላይ ያደርሳል። ይህ ከሽፋኑ ሕዋሳት ውሃ ይስባል፤ በሕመሙ የቆሰለ ሽፋን ላይ ደግሞ ያቃጥላል። ሰርፋክታንትም (እንደ ሳሙና ቅባትን ከውሃ የሚያዋህድ ንጥረ ነገር) እንዲሁ ነው። ኖኖክሲኖል-9 የተባለው ሰርፋክታንት የሆነ ፅንስ መከላከያ ኤችአይቪን ይከላከል ይሆናል ተብሎ ሲሞከር፣ አዘውትረው በተጠቀሙት ሴቶች ላይ የመያዝ አደጋውን ጨምሮ ተገኘ። ሽፋኑን ጎድቶት ነበር።

ፈተናዎቹን እንዴት እናነጻጽር

መጣበቅን ለመለካት ሦስት መንገድ አለ። በቴክስቸር አናላይዘር (የመሳብና የመጫን ኃይል መለኪያ) ወይም በተሻሻለ የሚዛን መሣሪያ ጄሉን ከእንስሳ የብልት ሽፋን (ቲሹ) ለማላቀቅ የሚያስፈልገውን ኃይል መለካት የመጀመሪያው ነው። ከቄራ የሚመጣ የፍየል ወይም የላም ቲሹ ርካሽ ነው፣ ግን የእነዚህ እንስሳት ብልት ከሰው ይልቅ ወደ ገለልተኛ ፒኤች ይቀርባል። ቲሹውን ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ በ4.2 ፈሳሽ ሳትዘፈዝፉ የምትለኩት ቁጥር የሌላ ቦታ ቁጥር ነው። የመጫኛውን ክብደትና የሚቆይበትን ጊዜ ለሁሉም ጄል አንድ አድርጉ፤ እነዚህን ካልጻፋችሁ ቁጥራችሁን ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ሁለተኛው ጄሉንና ሙሲኑን ለየብቻና አዋህዶ ቪስኮሲቲ መለካት፣ ከውሁዱ የሁለቱን ድምር መቀነስ ነው። ለማጣራት ጥሩ ነው፤ ካርቦፖልን ግን ሙሲኑ ፒኤቹን ሲቀይረው የሚመጣውን ለውጥ እንደ መጣበቅ ቆጥራችሁ እንዳትሳሳቱ። ሦስተኛው ቲሹን አዘንብሎ 37 ዲግሪ ፈሳሽ በቀስታ እያንጠባጠቡ ስንት ጄል እንደቀረ ማየት ነው። መሣሪያው ቀላል፣ ቁጥሩም ሻካራ ነው። ሆኖም አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ፤ ጠዋት ልብሷ ላይ ያገኘችው ሴት የጠየቀችውን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነውና።

የመድኃኒቱን መለቀቅ ለመለካት ፍራንዝ ሴል (ጄሉ ከላይ፣ ተቀባይ ፈሳሹ ከሥር ሆነው በቀጭን ሽፋን የሚለያዩበት ዕቃ) ከ0.45 ማይክሮን ሽፋን ጋር ይበቃል። ክሎትሪማዞል ሲሆን ተቀባዩ ፈሳሽ ሰርፋክታንት ይጨመርበት፤ አለበለዚያ ፈሳሹ ቶሎ ይጠግብና መለቀቅ የቆመ ይመስላችኋል። ተቀባዩ ፈሳሽ ሊሸከም የሚችለው የመድኃኒት መጠን ከሚለቀቀው ቢያንስ ሦስት እጥፍ መሆኑን አስቀድማችሁ አስሉ።

ፈንገስ በተዘራበት አጋር (የተሐዋስያን ማሳደጊያ) ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጄሉን አድርጎ ፈንገስ ያልበቀለበትን የጠራ ክብ መለካት የተለመደ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከሚገባው በላይ ይታመናል። ክቡ የሚናገረው መድኃኒቱ በአጋሩ ውስጥ ምን ያህል እንደተጓዘ ጭምር ነው። ወፍራም ጄል ውስጥ ያለ ክሎትሪማዞል ትንሽ ክብ ቢሰጥ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ፍሉኮናዞልን ከክሎትሪማዞል በክብ ስፋት አታወዳድሩ። መድኃኒት የሌለውን ጄል ሁልጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ካይቶሳኑም ሆነ ማቆያው (ጄሉን ከተሐዋስያን የሚጠብቀው ቅመም) የራሱን ክብ ሊሠራ ይችላል። ሌላው የሚረሳ ነገር መደበኛው የፈንገስ ምርመራ በፒኤች 7 መሠራቱ ነው። አዞሎች ፒኤች 4 ላይ ጉልበታቸው ይቀንሳል፣ በተለይ ካንዲዳ ግላብራታ በተባለው ዝርያ ላይ። ቢያንስ አንድ ዙር በአሲዳማ ማሳደጊያ ሥሩ፣ ላክቶባሲለስንም በዚያው ፈትኑ፤ ጄላችሁ እነሱን የሚገድል ከሆነ ሴቲቱን ለሌላ ችግር እያጋለጣችኋት ነው።

ለማስቆጣት ምርመራ ጥንቸል ከመንካታችሁ በፊት ፅንስ በያዘ የዶሮ እንቁላል ሽፋን ላይ ጀምሩ። ርካሽ ነው፣ መጥፎ ቅመሞችንም ቶሎ ያወጣል።

እንግዲህ የትኛው?

ቀለል ያለ ላብራቶሪ ይዛችሁ በክሎትሪማዞል የምትሠሩ ከሆነ ኤችፒኤምሲ ኬ15ኤም ወይም ኬ100ኤም ዋና አካል አድርጋችሁ፣ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ካርቦፖል 974ፒ ወይም ፖሊካርቦፊል ለመጣበቅ ጨምሩ። ሁለቱ በጣም ዝቅተኛ ፒኤች ላይ ተያይዘው ሊደፈርሱ ስለሚችሉ 4.5 አካባቢ ላይ አቁሙትና ከአንድ ሳምንት በኋላ በብርሃን ፊት እዩት። ለማስተካከያ ከትሪኤታኖልአሚን ይልቅ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እመርጣለሁ። ቤንዞይክ አሲድ በዚህ ፒኤች ጥሩ ማቆያ ነው።

አስተማማኝ ካይቶሳን ካላችሁና በፍሉኮናዞል ወይም ተደጋግሞ በሚመጣ ካንዲዳ ላይ የምታተኩሩ ከሆነ ካይቶሳንን ምረጡ። ፖሎክሳመርን የምመክረው በኤችፒኤምሲ ተደግፎ፣ የት እንደሚከማች ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ማቆያው ፓራቤን ከሆነም ሚሴሎቹ እንደሚይዙትና እንደሚያዳክሙት አስታውሱ።

መድኃኒቱን ከመጨመራችሁ በፊት የመረጣችኋቸውን ሦስት ባዶ ጄሎች፣ ከእያንዳንዱ 3 ግራም፣ ከ0.75 ሚሊ ሊትር ሰው ሠራሽ የብልት ፈሳሽ ጋር ቀላቅሉ። 37 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት አቆዩና ያዘነበለ ቲሹ ላይ አድርጋችሁ ፈሳሹን እያንጠባጠባችሁ ለስድስት ሰዓት ተመልከቱ። ክሎትሪማዞሉን የምትመዝኑት ከስድስት ሰዓት በኋላ እዚያው ለተገኘው ጄል ነው።